አባቴ በእጃቸው የሚያውቋት ክፍል

እንጅባራ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። በእጅ የማይነኩ፣ በሶፍትዌር ብቻ ላሉ የኮምፒውተር መሣሪያዎች የኮንፊግሬሽን አቀማመጥ፣ ማለትም የትኛው መረጃ በስንተኛው ቦታ እንደሚቀመጥ፣ አወጣለሁ። ለአንድ የኔትወርክ ካርድ ለምሳሌ፣ መጀመሪያ አድራሻው ይቀመጣል፤ ከዚያ መስመሩ መኖር አለመኖሩ፤ ከዚያ ፍጥነቱ። ካርዱን የሚያናግረው ፕሮግራም ስም አያነብም። ከመጀመሪያው ቆጥሮ ቦታው ላይ ይደርስና ያገኘውን ይወስዳል። ስለዚህ አንዴ የተሰጠ ቦታ አይነካም፤ አዲስ ነገር ከመጣ ከመጨረሻው ይቀጠላል። ይህን ለጀማሪዎች እየተቆጣሁ የማስተምረው እኔው ነኝ።

አባቴን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከአዲስ ቅዳም ገጠር አምጥቻቸው አብረን እንኖራለን። ክፍላቸውን የሚያውቋት በእጃቸው ነው። ከበሩ በስተቀኝ ዱላው፣ ሁለት እርምጃ አልፎ የቀርከሃው መደርደሪያ፣ እሱ ላይ ውሃ፣ መቁጠሪያ፣ ሬዲዮ።

እኔ ደግሞ የተዝረከረከ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። አንድ እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ክፍሏን አሳመርኩላቸው። መደርደሪያውን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ ዱላውን ከጃንጥላው ጋር ጥግ ላይ አቆምኩት። ሲመለሱ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ሥራ ወጠረኝና ረሳሁት። ሰኞ ያው አመሌ ተነሳብኝና የካርዱንም አቀማመጥ አሳመርኩ። አዲሱ አቀማመጥ ገና ለተጠቃሚ አልተለቀቀም ብዬ ራሴን አታልዬ፣ የሚመሳሰለውን ሁሉ ጎን ለጎን አደረግኩት። ሲያዩት ደስ ይላል።

ረቡዕ በድሮው ፕሮግራም ስሞክረው፣ መስመሩ እያለ የለም ይለኛል። ሦስቴ ሞከርኩ። ፕሮግራሙንም ረገምኩት። በኋላ ሲገባኝ በራሴ ሳቅኩ፤ እሱ ምን አጠፋ፣ ድሮ የነበረበት ሄዶ ነው የፈለገው። ላስተካክለው እጄን ስሰድ አባቴ ትዝ አሉኝ። ሳቄ ጠፋ፤ ወደ ክፍላቸው ሮጥኩ።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር የተቋጠረ ጓዝ አለ።

«ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ወንድሜ ዘንድ። የአዲስ ቅዳም ሚኒባስ ላይ አሳፍሪኝ።»

«ምን አጠፋሁ፣ አባቴ?»

«አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ።» ከዚያ በአገውኛ ቀጠሉ፤ ነገር ሲከብዳቸው ወደ እሱ ይመለሳሉ። «ጭንቅላቴ እየሄደ ነው፣ ልጄ። ሦስት ቀኔ፣ ዱላዬን የት እንዳኖርኩት ይጠፋኛል። ውሃ ብዬ እጄን ስዘረጋ ባዶ ነው። እየዳበስኩ አገኘዋለሁ፤ አንቺ እንዳትሰጊ ብዬ አልነገርኩሽም። ነገ ደግሞ አንቺኑ ማን ነሽ ብልሽስ? ድምጽሽን ሳውቀው ልሂድ ብዬ ነው።»

ጉልበታቸውን አቅፌ አለቀስኩ። እሑድ ዕቃውን ያዛወርኩት እኔ መሆኔን፣ ሳልነግራቸው መቅረቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝም ይገባቸው ነበር። እጃቸው ግን ራሴ ላይ አረፈ።

«እንግዲያ እኔ ደህና ነኝ?» አሉ።

«ደህና ነዎት።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላቸው።