ልጄን ስጠራ አማቴ «አቤት!» አሉ

ልጄን «አበራሽ!» ብዬ ስጠራት አማቴ ከጓዳ «አቤት!» አሉ። ክው ብዬ ቀረሁ!

ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው። ጣና ዳር ካለው ደብራችን ክርስትና አስነስተን ገና መመለሳችን ነበር።

አበራሽ ልበላት ወይስ አበበች እያልሁ ስጨነቅ ባሌ «አንቺ የወደድሽው ይሁን» ሲል ከረመ። አበራሽን መረጥሁ።

ለካ የእናቱ ስም ነው! አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ዘመድ አዝማዱ «እታለም» እያልኋቸው ሌላ ስም ይኖራቸዋል ብዬ አላሰብሁም።

ባሌ ጣራ ጣራውን ያያል። (ቆይ፣ እንግዳው ይሂድ!)

ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ተይ ልጄ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም» አሉኝ።

አሁን ይቺ ልጅ ስታጠፋ «አንቺ አበራሽ!» ብዬ ልቆጣ ነው?

እስኪ እናንተስ፣ የአማታችሁን ስም ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ስማቸው ሳይናፍቃቸው አይቀርም።