ቁልፉ ቢነቀልም ያልጠፋው ሞተር

ባሌ የመኪናዋን ቁልፍ ነቅሎ እጁ ላይ ይዞታል፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። እንዲያውም ባሰበት። አደጋ እንደመጣብን ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ ናፍጣ በሰልፍ የሚቀዳበት ጊዜ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ያደረገልን ነገር ስላለ እስከ ዛሬ ከአፌ አይጠፋም።

የምንኖረው ካርቱም፣ ማዮ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ባሌ ኡስማን ሱዳናዊ ነው። በአሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ከወንዙ ማዶ ከባሕሪ በረዶ እየጫነ ለሱቆች ያከፋፍላል፤ የምንበላው ከእሷ ነው። መኪናዋ ግን አርጅታ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች። እኔ እንሸጣትና የተሻለች እንግዛ እላለሁ፤ እሱ «ሞተሯ ከታደሰ ልጃችንን ሰልማን እንኳ ትድርልናለች» ይላል። በመጨረሻ ባሕሪ ወስደን ለመካኒክ እናሳያት፣ እሱ ይፍረድ ተባባልን።

ጠዋት ኡስማን ልብሱን እየለበሰ «ዘይት ጨምሪላት» አለኝ። እኔ ያደግሁበት አገር ለሰው ሲቀዳ እስከ አፉ ነው፤ ጎደሎ መስጠት ነውር ነው። መካኒኩ ፊት ደርቃ እንዳትቀርብ ብዬ መለኪያውን እንኳ ሳላይ የጀሪካኑን ዘይት በሙሉ ገለበጥኩባት።

ባሕሪ የጋራዦቹ ሠፈር ስንደርስ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ መጮህ ጀመረ። ጭሱ መንገዱን ሸፈነው። ኡስማን ዳር ይዞ ቆመና ቁልፉን ነቀለ፤ ከዚያ ኮፈኑን ሊከፍት ዘሎ ወረደ። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ሰልማ ጉያዬ ገብታ ታለቅሳለች። በእኔ በኩል ያለው በር ደግሞ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ኡስማን የወረደበት በር ክፍት መሆኑን በድንጋጤ ረስቼ የራሴኑ በር እደበድባለሁ።

ድንገት በሩ ተከፈተ። ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ትልቅ ነጭ ጥምጣም የጠመጠመ ሽማግሌ ነው። ወደ ሠርግ እየሄደ ነበር።

«ያ ሐጃ» ብሎ በአክብሮት ጠራኝና «ልጅሽን ይዘሽ ራቂ» አለኝ።

ሰልማን ታቅፌ ስወርድ እሱ ገብቶ ሞተሩን በግድ ለማጥፋት አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች እንጂ ሞተሩ አልጠፋም፤ ለካ ፍሪሲዮኑም አልቋል። ወረደ። ኡስማን በከፈተው ኮፈን ገብቶ ሞተሩ አየር የሚስብበትን የጎማ ቱቦ ነቀለና ጥምጣሙን ከራሱ አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ የአየር ማስገቢያውን አፍ ደፈነበት። ኡስማን «እጅህን! እጅህን!» ይላል። ሽማግሌው ፊቱን እንኳ አላዞረም። ሞተሩ አቃሰተ፣ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ።

ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዞ አየው። «ማን ነው እንዲህ ያጠገባት?»

ኡስማን ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዳ ሆኖስ ያንቺ ቤት መምጣት ነው» ብሎ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ፖርት ሱዳን በከባድ መኪና የተመላለሰ ሾፌር ነው። ሞተሩ ውስጡ ስለተበላ ናፍጣውን ትቶ የራሱን ዘይት ያነድዳል፣ ለዚህ ነው ቁልፍ የማያቆመው አለን። «የበዛው ዘይት ቀሰቀሰው እንጂ በሽታው የቆየ ነው።»

ኡስማን «ላሳድሳት ወይስ ልሽጣት?» ሲል ጠየቀው።

«ልጅህን የማትጭንባትን ለሌላ ሰው ልጅ ልትሸጣት ነው? ለቁርጥራጭ ብረት ስጣት።»

ኡስማን ለወራት እንቢ ያለኝ ሰውዬ እዚያው ቆሞ «እሺ» አለ።

ጥምጣሙ ጥቁር ሆኗል። ልጠብልህ ስለው «ሙሽራው እኔ አይደለሁ» ብሎ ራሱን ገልጦ ወደ ሠርጉ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ለማያውቀው ሰው እጁን እሳት አጠገብ የሰደደ ሰው ነው። ልጄን ባየኋት ቁጥር ዱዓ አደርግለታለሁ።

በሚኒባስ ድልድዩን ተሻግረን ማዮ ገባን። የባሌ እናት በር ላይ ጠበቀችን።

«መኪናዋስ?» አለችኝ።

«እሷ ባሕሪ ቀርታለች። እኛ በሰላም ገብተናል» አልኳት።