አንዲት አንቀልባ ለአንድ ጋንታ

የጉዞ ትእዛዝ የደረሰን ቁሓ ሰፍረን ሳለ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። ጋንታችን ወደ ድንበሩ ግንባር ሄዳ፣ አንዲት ኮረብታ ላይ ያለውን ጦር ተክታ ምሽግ ትይዛለች። ኮረብታዋ ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ ቅርጿን አየንና ሻኛ አልናት።

ስለ ሻኛ ብዙ አላወራም ነበር። በቅርቡ ግን ከውቅሮ መውጫ አጠገብ ወዳለችው የሸራ መስፊያ ቤቴ ወጣቶች መጡ። ስልጠና ላይ ናቸው፤ ሥራ ሊፈጥሩ። አንዷ «ኣቦይ፣ እጥረት ሰውን ብልህ ያደርገዋል አይደል? ከጦር ሜዳ አንድ ምሳሌ ይንገሩን» አለችኝ። አዎ ብዬ ብሸኛቸው ደስ ይላቸው ነበር። አዎ ማለት አቃተኝ፤ አይደለም ማለትም አልቻልኩም። ስለዚህ ስለ አንቀልባችን ነገርኳቸው። ለእናንተም ያንኑ ልንገራችሁ።

ሻኛ ላይ የተረከብነው ምሽግ ከዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ጠባብ ነው። ሞርታር አንድ ቦታ ሲወድቅ ፍንጣሪው ሁሉንም እንዳይጠርግ፣ የምሽጉ ቦይ በየጥቂት እርምጃው እንዲታጠፍ ተደርጓል። ያ መታጠፊያ ነፍስ ያድናል። ቁስለኛ ሲኖር ግን ጣጣው ብዙ ነው። ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም እንጨት ስላለው መታጠፊያው ላይ አይዞርም። ከእኛ በፊት የነበሩት ቃሬዛውን ከምሽጉ በላይ አንስተው ሊያሳልፉ ሲሞክሩ፣ አልሞ ተኳሽ ሁለት ተሸካሚዎች ገደለባቸው። ሲያስረክቡን ነው የነገሩን። ወደ ታች ደግሞ ቦዩ የማይቆፈር ድንጋይ ጋር ደርሶ ያበቃል። ከዚያ እስከ ቁስለኛ መሰብሰቢያው ድረስ በደረት እየተሳቡ መሄድ ነው።

የጋንታችን ሐኪም ለተብርሃን ትባላለች፤ የቁሓ ልጅ ናት። ስትቆጣ በትግርኛ፣ ስትቀልድ በአማርኛ ነበር የምትናገረው። የመጣን ሰሞን ጸጥታ ነበርና፣ አንድ ከሰዓት ምሽጉ ውስጥ ተቀምጠን ስለዚሁ ቃሬዛ ስንጨቃጨቅ ሳቀችብን።

«ዋይ! እናቴ'ኮ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ትመለስ ነበር። ሁለት እጇ ነጻ ነው። እናንተ አንድ ሰው ለማንሳት አራት ሰው ትፈልጋላችሁ።»

«አንቀልባ?» አለ አስር አለቃ ታደሰ። መትረየስ ተኳሻችን ነው፤ ከጋንታው ሁሉ ግዙፉ። «እኔን?»

«አዎ ሓወይ፣ አዎ ወንድሜ፣ አንተን።»

ሳቅን። ሰይድ ግን አልሳቀም ነበር፤ ቦዩን እያየ ያስባል። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ከመዝመቱ በፊት መቀሌ ገበያ ሸክም ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ከሰላሌ መጥቼ እዚያው ገበያ ዳር የስፌት መኪና የተከልኩ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጣቃ ጨርቅ በትከሻው የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ሂሳቡን ከመቀበሉ በፊት ውሃ የሚጠይቅ፣ ውሃውን ጠጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ የሚመርቅ ሰው ነበር። እወደው ነበር። ይህን በደህናው ጊዜ አልነገርኩትም፤ ወንድ ለወንድ እንዲህ አይባባልም።

ሥራውን በማግስቱ ጀመርን። ከተቃጠለ ካሚዮን የተረፈ አንድ ቁራጭ ሸራ ነበረን። ማሰሪያውን ከጥይት ሳጥን ገመድና ካረጀ የጠመንጃ ማንገቻ አወጣን። መርፌ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ያለ መርፌ አይዘምትም። ክር ግን የለም። ከአሸዋ ጆንያዎች ላይ አንድ አንድ ክር እየመዘዝን፣ እየገመድን ሰፋሁት።

ስሕተታችን ግን የሚያስቅ ነበር። ሁላችንም በአንቀልባ ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ እናቶቻችን እንደሚያስሩት ማሰሪያውን ደረት ላይ አመሳቅለን ቋጠርነው። እናት ቀጥ ብላ እንደምትሄድ፣ እኛ ግን በደረታችን እንደምንሳብ ማንም ልብ አላለም። ሰይድ ታደሰን አዝሎ ሁለት ክንድ ያህል እንደተሳበ ክብደቱ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ መጣ፤ ገመዱ አነቀው፤ ታደሰ በአናቱ በኩል ተገልብጦ አፈር ላይ ወደቀ። አንዱ «እሹሩሩ» ማለት ጀመረ። ለተብርሃን ሆዷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

ሰይድ ሳሉ ሲተወው «ሸክም'ኮ አንገት ላይ አይውልም። ወገብ ነው የሚችለው» አለ። ሸራውን ወስዶ ሰፊ መቀነት እንዲሆን ወገቡ ላይ ጠመጠመውና አሳየኝ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፤ ለቁስለኛው እግር ማስገቢያም ጨመርኩ። በዚህኛው ታደሰ አልወደቀም። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት እየተለማመድን፣ እሱ ሁልጊዜ ሕፃኑ እየሆነ፣ «ዛጎል የሌለው አንቀልባ ላይ አልታዘልም» እያለ ያስቸግረን ነበር።

የጋንታ መሪያችን መጀመሪያ ደስ አላለውም። «ወታደር አንቀልባ ታጥቆ ማን አየ?» አለ። ኋላ አንድ መታጠፊያ ላይ ሲሞከር ቆሞ አየና «የቁስለኛ ማንሻ ሸራ በሉት» ብሎን ሄደ። እኛ አንቀልባ ማለታችንን አልተውንም።

ሁለተኛ ለመስፋት አስበን ነበር። ሸራ አጣን።

ውጊያው የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ መድፍ መጣ። ከዚያ ሞርታር። ከዚያ ሰው። መለስናቸው። እንደገና መጡ። ረፋዱ ላይ የፊተኛው ምድብ ውሃና ጥይት አነሰው፤ አደረስን። እኩለ ቀን ገደማ ታደሰ ጭኑን ተመታ።

ለተብርሃን አሰረችው። ደሙ በማሰሪያው ላይ አልፎ መጣ። ቀና ብላ አየችኝ። «አይቆምልኝም። እስኪመሽ ብንጠብቅ ይሞታል» አለች። ቀልድ የለም፣ ትግርኛም የለም።

እኔ ተንበረከክሁ። ሰይድ ታደሰን ጀርባዬ ላይ አስቀምጦ መቀነቱን ሁለቴ ጎተተው፤ በመዳፉ ወገቤን ቸብ አደረገኝ። «አብሽር፣ ልክ ነው» አለና የታደሰን መትረየስ ሊይዝ ሄደ።

ወረድኩ። መታጠፊያውን ሁሉ ዞርኩ። ድንጋዩ ጋ ደርሼ በደረቴ ተኛሁ። ጥይት ከላይ ያፏጫል። ሁለት እጄ ነጻ ስለነበር መሬቱን እየቧጠጥኩ ተሳብኩ። ታደሰ ጆሮዬ ስር «ዛጎሉን ረሳኸው» አለኝ። በሕይወት መኖሩን ያወቅሁት በዚያ ነው። መሰብሰቢያው ደረስን፤ ተቀበሉን፤ ማሰሪያውን ፈቱልኝ። ታደሰ ዛሬም አለ። እግሩ ያነክሳል፤ ሆዱ ጨምሯል፤ ጨዋታውም አልቀነሰም።

ትንፋሼን ሳልሰበስብ በሬዲዮ ሰይድ ተመታ ተባለ። እዚያው መትረየሱ ላይ፤ ሆዱን።

አንቀልባዋ ታች እኔ ጋ ናት። እሱ ያለው ከላይ፣ ምሽጉ ውስጥ ነው። ሌላ ቢኖር ወዲያው አንዱ አዝሎት ይወርድ ነበር። የመጣሁበትን ድንጋይ ተስቤ ተመለስኩ፤ በቦዩ ወጣሁ። ስደርስ ለተብርሃን በሁለት እጇ ሆዱን ተጭናለች፤ «ኣጆኻ ሓወይ፣ ኣጆኻ» እያለች ታጽናናዋለች። በዕድሜዬ እንዲያ በፍጥነት ወጥቼ አላውቅም። ፍጥነቱ ግን አልበቃም።

ጀርባዬ ላይ አደረጉት። ሰውነቱ ቀላል ነበር፤ ያን ሁሉ ጭነት የሚያነሳ ሰው አይመስልም።

«ሰው ሲሸከመኝ ገና ዛሬ ነው» አለኝ፤ እንደ ማፈር እያለ።

«ዝም በል፤ ትንፋሽህን ቆጥብ» አልኩት። ምን ነበር ያን ጊዜ እንደምወደው ብነግረው? «በርታ፣ ደረስን» ብቻ አልኩት።

ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ከመጨረሻው መታጠፊያ በፊት ቀረ። አልቆምኩም። ድንጋዩን በደረቴ ተሳብኩ፤ እንደ ታደሰ አድርጌ አወረድኩት።

በዚያ ቀን ከጋንታችን አራት ሰው ሞተ። ሰይድ አራተኛው ነው። በዚያች አንቀልባ በኋላ ጊዜ ሌሎችም ታዝለው ወርደዋል፤ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ተርፈዋል።

እንግዲህ ለወጣቶቹ የነገርኳቸው ይህን ነው። እጥረት ብቻውን አንቀልባ አልሰፋም። ከእኛ በፊት የነበሩትም ያው ቦይ፣ ያው ቃሬዛ ነበራቸው፤ ከእኛ ያነሱ ሰዎችም አልነበሩም። እነሱን ተኩሱ ፋታ አልሰጣቸውም፤ እኛ የምንስቅበት፣ የምንሳሳትበት ከሰዓት አገኘን። የምንሳሳለት ሰውም አጠገባችን ነበር። ከዚያ ደግሞ ያው እጥረት መጀመሪያዋን አሠርቶን ሁለተኛዋን ከለከለን። ስለዚህ ችግርን አመስግኑ የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም። በእጃችን ያለውን አብቃቅተን በመሥራታችን ግን እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ያንን የሠሩትንም ሰዎች እወዳቸዋለሁ። የጠየቀችኝ ልጅ ሸራዬን ስትዳስስ ቆየች።

ከግንባር ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት የሰይድ ሚስት ዘምዘም ጋ ነበር። ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መርዶውን ሰምታለች። ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ፦

«በምን አወረዳችሁት?» አለችኝ።

«በጀርባዬ።»

«በሕይወት እያለ?»

«መንገዱን አብዛኛውን።»

የተናገረውን ነገርኳት። በእንባዋ መሃል ሳቀች። «አይ ሰይድ! ታሞ እንኳ ደግፌ ላስነሳው ስል እሺ አይለኝም ነበር» አለች። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች።

«እንኳን መሬት ላይ አልሆነ» አለችኝ። «እንኳን ሰው ጀርባ ላይ ሆነ።»