ማርታን የካድኩበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት አልቢኖ ልጇን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ሁለት ተማሪዎች ልጁን አይተው ተሳሳቁ። እናቲቱ ቶሎ ብላ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው። ፀሐይ አልነበረም፤ ሰማዩ እንደከበደ ነበር። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እህቴ ማርታም እንደዚያ ልጅ ነበረች። ቦዲቲ ነው ያደግነው። ከአምስታችን እሷ ብቻ ነጭ ሆና ተወለደች። ቤት ውስጥ ግን ነገሬ ያለው አልነበረም፤ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀርቦ ስንሻማ ማን ነጣ ማን ጠቆረ ብሎ የሚያይ ማን አለ? ሰው ከሌላው መለየቱን የሚያውቀው ከደጅ ሲወጣ ይመስለኛል።

እሷ ሰባት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ አራት ነበርኩ። መስከረም ገብቷል፤ የመንገዱ ጭቃ ግን ገና አልደረቀም። እናታችን ትምህርት ቤት ወስጄ እንዳስመዘግባት ላከችኝ። ማርታ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ፣ ኩሬ በኩሬ እየዘለለች ሄደች።

በሩ ላይ ሦስት የክፍሌ ልጆች ቆመው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ኳስ ተጫዋች ነው፤ እሱ የሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይሳቅበታል።

«ጳውሎስ፣ ይቺ ፈረንጅ እህትህ ናት እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አይደለችም። የጎረቤት ልጅ ናት።»

ማርታ እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣችና ብቻዋን ገባች። መዝጋቢው መምህር «ማን አመጣሽ?» ሲላት ሰማሁ። «ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለች። እኔ እኮ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናታችን ከጓሮ ስትገባ ማርታን ጓዳ አገኘቻት። የድስት ጥላሸት እየጠረገች ፊቷንና ክንዷን ቀብታዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«እንደ ጳውሎስ ልጥቆር ብዬ ነው። ያኔ እህቴ ናት ይላል።»

እናቴ ጓዳው በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። ሁሉንም ነገርኳት። በመታችኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አልመታችኝም። ውሃ አሙቃ እያለቀሰች አጠበቻት። «እግዜር ሲሠራሽ ቀለም አልቆበት አይደለም» አለቻት። ለእኔ ያለችኝ ግን ይህን ብቻ ነው፦ «አንተ ነህ ያጠቆርካት።»

በገበያው ቀን ማርታን ይዤ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር እንዳቋርጥ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ማን እንደሆነች እንድናገር አዘዘችኝ። በርበሬው ተራ አንዱ ጠየቀኝ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ቅቤ ተራ ስንደርስ አንዲት አሮጊት «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ።

«ታ ሚቺዮ!» አልኩ በወላይትኛ፤ እህቴ ናት። ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ሰው ሁሉ ዞረ።

ማርታ ዓይኗን አጥብባ ለአፍታ አየችኝ። «እናታችን ስለላከችህ ነው» አለችና ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች።

የክፍሏ መምህርት፣ ከጎንደር ተመድበው የመጡ ሴት፣ ሰሌዳው ለማርታ እንደማይታያት ሲያውቁ ፊት አስቀመጧት፤ ጮክ ብላም ታነብ ጀመር። ዛሬ ማርታ ራሷ ሻንቶ ከተማ ታስተምራለች። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ስትሄድ አፍጥጦ የሚያያትን «ስትጨርስ ንገረኝ» ትለዋለች። ከዚያን ጠዋት ወዲህ ግን «ሸኘኝ» ብላኝ አታውቅም።

ያቺን እናት ካየሁ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ቤቷ ሄድኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያላወጣሁትን ይቅርታ አወጣሁት። 

«ይቅር ካልኩህ ቆየ» አለችኝ። «መልኬን ለመውደድ ያን ያህል አልተቸገርኩም፣ ጳውሎስ። የተቸገርኩት አንተን ለማመን ነው።»

 ልጆችን «በመልካችሁ ኩሩ» ብለን እንመክራለን። እኛ በእነሱ ስንኮራ፣ ያውም ሰው ፊት፣ አይተውን ያውቁ እንደሆነ ግን አንጠይቅም።