ሽማግሌ የላክሁባቸው በሽተኛ

ያን ቀን ጠዋት በቃሬዛ የገቡትን አሮጊት ሳይ በሩ ላይ ቀረሁ... የብርቅነሽ እናት ናቸው! ልጅቷን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬባቸው ገና መልስ አላገኘሁም።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ነቀምት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበርኩ፤ የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚም እኔው። እናትየው በስተርጅና ከጉራጌ አገር መጥተው ከነቀምት ራቅ ባለችው ኡኬ ከተማ ሱቅ ያለው ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ከጉራጊኛ በቀር አያውቁም፤ ከሠራተኛው ደግሞ ጉራጊኛ የሚሰማ እኔ ብቻ። ክረምት ነው፣ መኪና የለም፤ የተሸከሟቸው ሰዎችም አድርሰው ተመልሰዋል።

በኛ በጉራጌዎች ወግ ደግሞ የልጅቷ እናትና ሊያገባት ያሰበ ሰው ዓይን ለዓይን አይተያዩም! ሲያዩኝ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው መሬት መሬት እያየሁ።

«ራሴን» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ሐኪሙ የራስ ምታት ክኒን አዘዘና ሊሸኛቸው ተነሳ። ነርሷ ጫልቱ ክንዴን ይዛ በረንዳ አወጣችኝ።

«ማሎ! እባክህ ምን ነካህ? ቃሬዛው እኮ በደም ርሷል! እንዲህ ሆነው ከተመለሱ ይሞታሉ!»

በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ብጠይቃቸው ነውር፣ ዝም ብል ሞት... መጨረሻ ላይ ገብቼ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እናቴ፣ አማች አይበሉኝ። እንደ ወለዱት ልጅ ይቁጠሩኝ፤ ልጅ የእናቱን ገመና አይጠየፍም።»

«ትምላለህ?»

«እምላለሁ!»

ከዚያማ አምስት ወር ሙሉ የደበቁትን ሕመም እያለቀሱ ዘረገፉልኝ። እኔም እየተንተባተብኩ ለሐኪሙ ነገርኩት። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ተመስገን፣ ዳኑ! ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። በቃ፣ ብርቅነሽ የኔ ናት ብዬ ኮት አሰፋሁ።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቁጭ አሉ፣ ተነሱ፣ እርስ በርስ ተያዩ...

«ኧረ ተናገሩ!» አልኩ።

«'ምሎ ልጄ ሆኗል፤ እህቱን እንዴት ብዬ እድርለታለሁ?' አሉ።»

ሌላ ሽማግሌ ላክሁ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ... ወይ ፍንክች! ብርቅነሽ ሌላ አገባች። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ አልቅሻለሁ።

የሰርጓን ዳስ የጣልኩትም እኔ ነኝ... ወንድሟ አይደለሁ!