ወደ አጥሩ በር የዞሩ ጫማዎች

በደርግ ጊዜ ነው። ጃፓን ተምሬ እንደተመለስኩ ነፋስ ስልክ ባለው ቤቴ ጃፓንኛ በግል ማስተማር ጀመርኩ። ቋንቋውን ከነባህሉ ስለነበር የማስተምረው፣ ተማሪዎቼ ጫማቸውን በረንዳው ላይ አውልቀው፣ ፊቱን ወደ አጥሩ በር አዙረው ነው የሚገቡት።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። ጫማዎቹን አየና፣ «ምን ዓይነት ስብሰባ ነው? ሁሉም ለመኮብለል ተዘጋጅቶ የለም እንዴ!» ብሎ አፈጠጠብኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጃፓኖች ወግ ነው። እንግዳው ሲወጣ እንዳይቸገር ብለው ነው» አልኩ እየተንተባተብኩ።

መች አመነኝ! ጫማውን አውልቆ ገባና ትምህርቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አዳመጠ።

ሲወጣ፣ ቀድማው የወጣች ተማሪዬ የሱንም ጫማ እንደ ልማዷ ወደ አጥሩ በር አዙራለታለች። ቆሞ አየው። ከዚያ ክንዴን ይዞ ጥግ ወሰደኝና በሹክሹክታ፣ «ልኮበልል ማሰቤን ማን ነገራችሁ?» አለኝ።