ግፊቷ እስኪለካ

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። እኔ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ በተገጠመው የብረት አግዳሚ ጫፍ። ከእኔ ቀጥሎ አንዲት ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት መምህርት፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታ። ሦስተኛዋ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ስምንት ወር ያለፋት ነፍሰ ጡር ናት። ከበሩ መስታወት ወዲያ አንድ ወጣት ፖሊስ ከጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ወረቀታችንን ያገላብጣል። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል።

የተያዝነው ጠዋት፣ ከፌደራሉ ሕንፃ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ተቀምጠን ነው። የተቀመጥነውም ጎረቤቶቻችን በኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከየቤታቸው ስለተወሰዱ ነው። ነፍሰ ጡሯ ግን ልትቀመጥ አልመጣችም። ባሏ ከተወሰደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የት እንዳለ ልትጠይቅ መጥታ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆማ ሳለ ከእኛ ጋር ታፈሰች።

የወሎ ልጅ ናት። ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ትኖራለች፤ ሮዝቪል ከተማ ውስጥ ባለ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች።

«እማማ፣ ሺፍቴ እኮ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሯል» አለችኝ። «ለማናጀሬ ቴክስት እንኳ አላደረግሁም።»

«እዚህ መሆንሽን መንግሥት ይመሰክርልሻል» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗን ጨፈነች፤ መብራቱ እንደሚያማት ያኔ አስተዋልኩ። ከትናንት ጀምሮ ራሷን እየፈለጣት እንደነበር ነገረችኝ። እግሯ ከጫማዋ ጠርዝ በላይ አብጧል። ስንመዘገብ ቀለበቷን በሳሙና ሊያወልቁላት ሞክረው አቅቷቸዋል።

ረፋዱ ላይ የእስር ቤቱ ነርስ መጣችና በበሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈተች። በእንግሊዝኛ ከልጅቷ እሻላለሁና እኔ አስተረጎምኩ።

«እንዴት ነሽ ትልሻለች።»

«ደህና ነኝ ይበሏት፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ራስ ምታትሽስ?» አልኳት ከራሴ ጨምሬ።

«ይሻለኛል፣ አልሃምዱሊላህ። ስለጠየቀችኝ እግዜር ይስጥልኝ ይበሏት።»

ቃል በቃል ተናገርኩ። ነርሷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ መስኮቷን ዘጋች።

ይህን መጻፍ አለብኝ። ሴንት ፖል ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ በየጠዋቱ የሰው የደም ግፊት እለካ ነበር። ያበጠ እጅ ከራስ ምታት ጋር ሲመጣ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግን እኔም እንደ እሷ ነው ያደግሁት። በእኛ ዘንድ ጤናህን የጠየቀህ ሰው መጀመሪያ ምስጋና ይሰማል፤ ሕመሙ የሚነገረው ሦስተኛ ሲጠየቅ ነው። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ሦስቴ ይጠይቃል። ነርሷ የጠየቀችው አንዴ ነው።

በመጀመሪያው እስሬ፣ አገር ቤት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እንዲሁ ነፍሰ ጡር ነበረች አብራን። ሁለት ቀን ራሷን በሻሽ አስራ ደህና ነኝ ስትል ከረመች። በሦስተኛው ቀን ጣላት። የሚጥል በሽታ መስሎን ጠባቂዋን ክብሪት ለምነን እየጫርን አፍንጫዋ ሥር ያዝንላት። የምናውቀው እሱን ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰዷት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ልጅ ተመለሰች። የክፍሉን ሴቶች ስም አንድ በአንድ እንደገና ነገርናት።

ከቀትር በኋላ የወሎዋ ልጅ ሻርፗን ፈታ እንደገና ልታስር ሞከረች። ጫፉ ጭኗ ላይ እያለ በእጇ ትዳስሳለች፣ አታገኘውም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ ግማሽ ፊትዎን የት ጣሉት?»

ለቀልድ ነው ያለችው። ዓይኗ ግን አላሾፈም።

«ስንት ወርሽ ነው ያልሽኝ?» አልኳት።

«ሐሙስ» አለች።

መስታወቱን መታሁ። ፖሊሱ መጣ።

«ይህች ልጅ ግፊቷ መለካት አለበት። አሁኑኑ።»

«ነርሷ አይታታለች ማም። ደህና ነኝ ብላለች።»

«ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ነርሷ በሚቀጥለው ዙር ትመጣለች።»

ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና በሩን ከፈተ፤ የመጣው ግን ለእኔ ነበር። «ማም፣ እርስዎ ተለቅቀዋል። ይምጡ።»

ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማም፣ በሩን ልዘጋው ነው።»

«ግፊቷ እስኪለካ አልነሳም።»

«ሌላ ክስ ይጨመርብዎታል።»

«ጻፍ። ስሜን ታውቀዋለህ።»

ሊያነሳኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። መምህርቷ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በባዶ እግሯ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ተቀመጡ ስል ኖሬያለሁ» አለችው። «መቀመጥ ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው ባውቅ ኖሮ ቁሙ እላቸው ነበር።»

ፖሊሱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሬዲዮውን አንስቶ ነርሷን ጠራ።

እስክትመጣ ድረስ ከደፉ ላይ ሆኜ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«አሁን ስትጠይቅሽ ደህና ነኝ እንዳትዪ።»

«ምነው እማማ፣ አላህን ላማርር?»

«አላህን በልብሽ አመስግኚ። ለነርሷ ያመመሽን ንገሪ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ አንዴ ነግሬ አበላሽቻለሁ። ከአፍሽ ይውጣ።»

ነርሷ በደፉ ላይ ተሻግራኝ ገባች። ልጅቷ እጇን ግንባሯ ላይ፣ ቀጥሎ ዓይኗ ላይ አደረገች። «ቬሪ ባድ» አለች። ሌላ ቃል ፈለገች፣ አልመጣላትም። በአማርኛ ጨረሰችው። «አመመኝ። በጣም አመመኝ። አይታየኝም።» ስትናገር አፍራ ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።

ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩን ከተቀመጥኩበት አነበብኩት፤ መቶ ሰማንያ ሁለት በመቶ አሥራ አራት። ፈታችና በሌላው ክንዷ ደገመች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ በሩጫ ወጣች። ፖሊሱ ስለ በሩ ዳግመኛ አላነሳብኝም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። አምቡላንስ ውስጥ ጣላት፤ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ስለነበር ግን አልደገማትም። ልጇ በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ተወለደች፣ ሴት ናት። ልጠይቃት ስሄድ ሐኪሟ አስረዳችኝ። የእርግዝናው ግፊት ሲያይል በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ አንጎል ያብጣል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከኋላ ያለው፣ የምናይበት ክፍል ነው። ፊቴ የጎደለባት ለዚህ ነበር።

ዓይኗ ተመልሷል። ቃል ግን አሁንም ይጠፋባታል፤ ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ የነገረችኝን መልሳ ትነግረኛለች። የሚያውቋት እስር ቤት ደንግጣ ነው ይላሉ፤ የሰው ዓይን ነው የሚሉም አሉ። በሰማሁ ቁጥር አርማቸዋለሁ። ድንጋጤም ዓይንም አይደለም፤ የአንጎል ጉዳት ነው፣ ቀስ እያለ ይሻላል፣ ግፊቷ ግን ዕድሜ ልኳን መጠበቅ አለበት። ባሏ እስካሁን አልተፈታም። ቅዳሜ ቅዳሜ መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቃትም። እጅጌሽን ጠቅልዪ ነው የምላት።

በሩ ላይ በመቀመጤ የተጨመረብኝ ክስም ገና አልተሰረዘም። የይቅርታ ደብዳቤ ብጽፍ እንደሚቀልልኝ ጠበቃዬ ነግራኛለች። አልጻፍኩም።

ያን ቀን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ሁለት ሰዎች አልጋ እየገፉ መጡ። እንዲያልፉ እግሬን ሰበሰብኩ እንጂ ከደፉ አልተነሳሁም። ልጅቷን አስተኝተው ሲወጡ እጇ ትከሻዬን ነካ። አልጋው በኮሪደሩ ጫፍ እስኪታጠፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ልነሳ ስል መምህርቷ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። እሷ ገና አልተጠራችም ነበር፤ እጄን ጨብጣኝ ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች። ፖሊሱ ቦርሳዬን ሰጠኝና በሩን ያዘልኝ።

ወጣሁ።